ፈ(ቀ + 2) ለምን ፈ(ቀ) + 2 አይሆንም? ስለ ፋንክሽን አጻጻፍ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ትምህርታቸውን ለዓመታት አቋርጠው አሁን በማታው ክፍለ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ይከታተላሉ። ፈ(ቀ) = ቀ² − 3ቀ + 5 የሚል ፋንክሽን፣ ማለትም ለሚሰጠው ቁጥር ሌላ ቁጥር የሚያወጣ ደንብ፣ ተሰጥቷቸው ፈ(ቀ + 2)ን እንዲፈልጉ ታዘዙ። እርሳቸው በፋንክሽኑ ላይ 2 ደምረው ቀ² − 3ቀ + 7 አሉ፤ አብራቸው የምትማር ጓደኛቸው ደግሞ ቅንፉን እንደ ማባዛት ቆጥራ ፈ(ቀ)ን ከፈ(2) ጋር ደመረችና ቀ² − 3ቀ + 8 አገኘች። የመልስ ወረቀቱ ግን ቀ² + ቀ + 3 ይላል። «ከቅንፍ ፊት ያለ ፊደል ይባዛል ተብለን አልነበረም ወይ? ወ = ቀ² − 3ቀ + 5 ብሎ መጻፍ እየተቻለስ ይህ አጻጻፍ ለምን አስፈለገ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የመልስ ወረቀቱ ትክክል ነው። በፈ(ቀ + 2) ውስጥ ያለው 2 የሚደመረው ለደንቡ በሚሰጠው ቁጥር ላይ እንጂ ደንቡ በሚያወጣው ውጤት ላይ አይደለም፤ ቅንፉም በዚህ ቦታ የማባዛት ምልክት አይደለም። ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ግን በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ያው ችግር በሌላ መልክ ስለሚመጣብዎ፣ አጻጻፉ ምን እንደሚል ከሥሩ ማየቱ ይሻላል።

በመማሪያ መጽሐፍዎ ላይ ፊደሎቹ የላቲን ናቸው። እኔ እዚህ ኤፍን በፈ፣ ጂን በገ፣ ኤችን በሀ፣ ኤክስን በቀ፣ ዋይን በወ እየተካሁ እጽፋለሁ። ፊደሉ መጠሪያ ብቻ ስለሆነ፣ መጠሪያው በመለወጡ የሚለወጥ ስሌት የለም።

ፈ(ቀ) = ቀ² − 3ቀ + 5 በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመነጨውም ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ከማየት ነው። ፈ ለብቻው ሲቆም የአንድ ደንብ ስም ነው። ደንቡ በቃላት ሲነገር «የተሰጠህን ቁጥር በራሱ አባዛ፣ ከዚያ ላይ የቁጥሩን ሦስት እጥፍ ቀንስ፣ በመጨረሻም 5 ደምር» ይላል። ቀ ደግሞ ለደንቡ የሚሰጠው ቁጥር የሚገባበትን ቦታ ይዞ የሚቆይ ፊደል ነው። ሁለቱ ተገጣጥመው ሲጻፉ፣ ማለትም ፈ(ቀ) ሲባል፣ ደንቡ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የሚገኘውን ቁጥር ያመለክታል። ፈ(3) ማለት ደንቡ 3 ተሰጥቶት የሚያወጣው ቁጥር ነው፤ እርሱም 9 − 9 + 5፣ ማለትም 5 ነው። ፈ(10) ደግሞ 100 − 30 + 5 = 75 ነው። በክፍል ውስጥ «ኤፍ ኦፍ ኤክስ» ተብሎ ሲነበብ በልብዎ «ፈ ለቀ የሚሰጠው ዋጋ» እያሉ ቢያነቡት፣ የማባዛት ሐሳብ ቶሎ ይለቅዎታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቅንፉ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱም በከፊል የአጻጻፉ እንጂ የተማሪው አይደለም። በአልጀብራ አንድ ቅንፍ ሁለት ሥራ ይሠራል። መ አንድ ቁጥርን የሚወክል ፊደል ከሆነ መ(ቀ + 2) ማለት መ ሲባዛ በ(ቀ + 2) ማለት ነው፤ ሲዘረዘርም መቀ + 2መ ይሆናል። ፈ የደንብ ስም ከሆነ ግን ፈ(ቀ + 2) ማለት ደንቡን በ(ቀ + 2) ላይ ሥራ ማለት ነው፤ የሚዘረዘር ብዜት የለውም። ሁለቱ አጻጻፎች ለዓይን ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው ከፊታቸው የተነገረው ነገር ብቻ ነው፤ ጥያቄው ሲጀምር «ፈ ፋንክሽን ይሁን» ወይም «ፈ(ቀ) = …» የሚል ካለ ፈ ከዚያ በኋላ እስከ ጥያቄው መጨረሻ ድረስ የደንብ ስም ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ጥያቄ ሲጀምሩ የትኞቹ ፊደሎች ቁጥር፣ የትኞቹ ደንብ እንደሆኑ በጠርዙ ላይ ማስፈር ጊዜ ማባከን አይደለም። ጓደኛዎ የሠራችው ሥራ መነሻው ይኸው ነው፤ ማባዛት በመደመር ላይ እንደሚሠራጭ የተማረችውን ሕግ፣ ማባዛት በሌለበት ቦታ ተጠቀመችበት።

ቅንፉ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1718 ስለ ፋንክሽን ሲጽፍ ፋይ የተባለውን የግሪክ ፊደል ከተለዋዋጩ ፊት ያለ ቅንፍ ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበትን ፊደልና ቅንፍ ያቀናጀው አጻጻፍ በ1734 በሌላው ስዊዘርላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ በሊዮናርድ ኦይለር ሥራ ላይ ይገኛል፤ ኦይለር ያኔ በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ይሠራ ነበር። ኦይለር በቅንፍ ውስጥ ያስገባው ነገር አንድ ነጠላ ፊደል ሳይሆን፣ አንድ ተለዋዋጭ ለአንድ ቁጥር ተካፍሎ ሌላ ቁጥር የተደመረበት አገላለጽ መሆኑ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ለደንቡ የሚሰጠው ነገር ከአንድ ፊደል በላይ ሲሆን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ካልታጠረ አይታወቅምና። የቀድሞው ያለ ቅንፍ አጻጻፍ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሳይንና ሎጋሪዝም የተባሉትን ፋንክሽኖች ሳይን ቀ እና ሎግ ቀ ብለን ስንጽፍ አሁንም እርሱኑ እየተከተልን ነው፤ ሳይን ቀ + 2 የሚለውን ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ የሚያነቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማዝዘው አንድ ልማድ አለ፤ ፋንክሽኑን በመጀመሪያ ያለ ፊደል መጻፍ።

ፈ(   ) = (   )² − 3(   ) + 5

ይህ ልክ በየመሥሪያ ቤቱ እንደሚሞላ ቅጽ ነው፤ በክፍት ቦታው ላይ ቀድሞ ተጽፎ የነበረው ቀ ምን እንደሚሞላ ለማሳየት የተቀመጠ ምሳሌ እንጂ የቅጹ አካል አልነበረም። በግራ በኩል ባለው ክፍት ቦታ የገባው ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ በቀኝ በኩል ባሉት ክፍት ቦታዎች ሁሉ ሳይቀነስና ሳይጨመር መግባት አለበት። 4 ከገባ ሁሉም ጋ 4 ይገባል። ቀ + 2 ከገባም ሁሉም ጋ ቀ + 2 ይገባል፦

ፈ(ቀ + 2) = (ቀ + 2)² − 3(ቀ + 2) + 5

ቀጥሎ ያለው የተለመደው አልጀብራ ነው። (ቀ + 2)² ሲዘረዘር ቀ² + 4ቀ + 4፣ −3(ቀ + 2) ደግሞ −3ቀ − 6 ይሆናል። ሲሰበሰብ ቀ² + 4ቀ + 4 − 3ቀ − 6 + 5፣ ማለትም ቀ² + ቀ + 3 ይመጣል። በቀኝ በኩል ያሉትን ቅንፎች ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ቅንፉን ሳይጽፉ ቀን እየሰረዙ ቀ + 2ን የሚተኩ ተማሪዎች ቀ + 2² − 3ቀ + 2 + 5 ይጽፋሉ፤ በዚህ ጊዜ ካሬው የሚያርፈው በ2 ላይ ብቻ ነው፣ ከ3 ጋር የሚባዛውም ቀ ብቻ ነው፤ ውጤቱም −2ቀ + 11 የሚል፣ ካሬ እንኳ የሌለበት ነገር ይሆናል። ሐሳቡ ገብቷቸው ሳለ በፈተና ላይ ነጥብ የሚያጡ ተማሪዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው።

ውጤቱን በቁጥር መፈተሽ ይቻላል፤ እዚህ ላይ ግን የእርስዎ ጥያቄ አንድ ያልተጠበቀ ወጥመድ ይዟል። ቀ = 1 ብለን ብንጀምር ፈ(1 + 2) ማለት ፈ(3) ነው፤ ቀደም ብለን እንዳየነው 5 ነው። የመልስ ወረቀቱ ቀ² + ቀ + 3 በቀ = 1 ላይ 1 + 1 + 3 = 5 ይሰጣል። ጥሩ። የእርስዎ ቀ² − 3ቀ + 7 ስንት ይሰጣል? 1 − 3 + 7፣ ይህም 5! ሁለቱም ልክ መሰሉ። በቀ = 2 ላይ ሲሞከር ግን ልዩነቱ ይወጣል፤ ፈ(4) = 16 − 12 + 5 = 9 ነው፣ የመልስ ወረቀቱ 4 + 2 + 3 = 9 ሲሰጥ የእርስዎ 4 − 6 + 7 = 5 ብቻ ይሰጣል። ለምን በ1 ላይ ገጠሙ ቢሉ፣ ሁለቱን አገላለጾች እኩል አድርገው ቀ² + ቀ + 3 = ቀ² − 3ቀ + 7 ብለው ቢፈቱት 4ቀ = 4 ስለሚሆን፣ የሚስማሙበት ቦታ ቀ = 1 ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ቁጥር መፈተሽ ስሕተትን ማጋለጥ ይችላል እንጂ ትክክለኛነትን አያረጋግጥም። 0ን እና 1ን ለመፈተሻነት ባይመርጧቸው ይሻላል፤ ሲባዙና ካሬ ሲሆኑ ብዙ ልዩነት የሚደብቁ ቁጥሮች ናቸውና።

ለምን አንድ አይሆኑም የሚለውን በሌላ ደንብ ላይ ማየት ይረዳል። ሙቀትን ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት የሚቀይረው ደንብ ገ(ቀ) = 1.8ቀ + 32 ነው። ገ(10) = 50፣ ገ(20) = 68፣ ገ(30) = 86 ነው። 10 እና 20 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ገ(30) የሁለቱ ውጤቶች ድምር መሆን ነበረበት የሚል ሰው 118 ይላል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ወደ 48 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ፣ ከ30 ዲግሪ ጋር የማይገናኝ የበረሃ ሙቀት ነው። ትርፉ የመጣው 32 አንድ ጊዜ መደመር ሲገባው ሁለት ጊዜ ስለተደመረ ነው። እንደገና፣ አንድ ቀን ከሌላው በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ በፋራናይት የሚጨምረው 2 ሳይሆን 3.6 ነው፤ ገ(ቀ + 2) ከገ(ቀ) + 2 የሚለየው በዚህ ነው። በመጀመሪያው 2 ከደንቡ በፊት ስለገባ ደንቡ አባዝቶታል፤ በሁለተኛው ደንቡ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ስለመጣ አልነካውም።

ታዲያ ፈ(ሀ + ለ) = ፈ(ሀ) + ፈ(ለ) የሚሆንበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። ደንቡ የተሰጠውን ቁጥር በአንድ ቋሚ ቁጥር ከማባዛት ሌላ ሥራ ከሌለው ይሠራል። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ የታክሱ ፋንክሽን ተ(ቀ) = 0.15ቀ ነው፤ የሁለት ዕቃዎች ታክስ ለየብቻ ተሠልቶ ቢደመርም፣ የዕቃዎቹ ዋጋ ተደምሮ አንድ ጊዜ ቢሠላም ያው ነው። በገበያም በኪሎም በሜትርም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናሰላው አብዛኛው ነገር እንዲህ ያለ ተመጣጣኝ ደንብ ስለሆነ፣ ሁሉም ደንብ እንዲሁ ይመስለናል። ካሬ ያለበት፣ ወይም ቋሚ ቁጥር የሚደመርበት፣ ወይም በተለዋዋጭ የሚካፈል ደንብ ሲመጣ ግን ይህ ባሕርይ ይጠፋል። የእርስዎም ሆነ የጓደኛዎ ስሕተት ከስንፍና አልመጣም፤ በተለመዱት ደንቦች ላይ የሚሠራ ልማድ ከድንበሩ አልፎ ነው።

በግራፍ ላይም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የፈ ግራፍ ወደ ላይ የተከፈተ ፓራቦላ ሲሆን ዝቅተኛ ነጥቡ ቀ = 1.5 ላይ፣ ዋጋውም 2.75 ነው። ፈ(ቀ) + 2 ይህን ግራፍ ሳያዛባ በ2 ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ዝቅተኛ ነጥቡ እዚያው 1.5 ላይ ሆኖ ዋጋው 4.75 ይሆናል። ፈ(ቀ + 2) ግን ግራፉን ወደ ግራ በ2 ያንሸራትተዋል፤ ዝቅተኛ ነጥቡ −0.5 ላይ ይሆናል፣ ዋጋው ግን ያው 2.75 ነው። 2 ተደምሮ ሳለ ግራፉ ወደ ግራ መሄዱ ተማሪዎችን ሁሉ ያስገርማል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፈ ዝቅተኛ ዋጋውን የሚያወጣው 1.5 ሲሰጠው ነው፤ በአዲሱ ፋንክሽን ለፈ የሚደርሰው ቀ + 2 ስለሆነ፣ 1.5 እንዲደርሰው ቀ ራሱ −0.5 መሆን አለበት። ደንቡ የሚፈልገውን ቁጥር ቀድሞ የተደመረው 2 ስለሚያግዝ፣ ቀ ከቀድሞው በ2 ያነሰ ሆኖ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ወ = ቀ² − 3ቀ + 5 ብሎ መጻፍ ለምን አይበቃም የሚል ነበር። አንድ ደንብ ብቻ ባለበት፣ አንድ ዋጋ ብቻ በሚፈለግበት ቦታ ይበቃል፤ ግራፍ ስንስልም ወ ብሎ መጻፉ ይቀላል። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ዋጋዎችን ጎን ለጎን ማውራት ሲያስፈልግ ነው። «ወ 75 ነው» ካልን ቀ ስንት በሆነ ጊዜ እንደሆነ ከጽሑፉ አይታወቅም፤ ፈ(10) = 75 ካልን ግን የተሰጠውም የተገኘውም በአንድ መስመር ላይ አሉ። ፈ(10) − ፈ(3) የሚለውን በወ ብቻ ለመጻፍ «ቀ 10 ሲሆን ያለው ወ ሲቀነስ ቀ 3 ሲሆን ያለው ወ» ማለት ግድ ይሆናል። ሁለት ደንቦች አብረው ሲመጡ ደግሞ ሁለቱም ወ ከተባሉ መለየት አይቻልም፤ ፈ እና ገ ሲባሉ ግን እያንዳንዱ ስም አለው።

ይህ ጥቅም ኋላ ላይ ካልኩለስ፣ ማለትም የለውጥን ፍጥነት የሚያጠናውን የሒሳብ ዘርፍ፣ ሲጀምሩ ያለ እርሱ መሄድ የማይቻልበት ይሆናል። እዚያ በተደጋጋሚ የሚያገኙት አገላለጽ [ፈ(ቀ + ሀ) − ፈ(ቀ)] ÷ ሀ የሚል ነው፤ ግብዓቱ በሀ ሲጨምር ውጤቱ በአማካይ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ይነግራል። በእርስዎ ፋንክሽን ላይ ቅጹን ብንሞላው ፈ(ቀ + ሀ) = (ቀ + ሀ)² − 3(ቀ + ሀ) + 5፣ ማለትም ቀ² + 2ቀሀ + ሀ² − 3ቀ − 3ሀ + 5 ይሆናል። ከዚህ ላይ ፈ(ቀ) ሲቀነስ ቀ²፣ −3ቀ እና 5 ይጣፋሉ፤ የሚተርፈው 2ቀሀ + ሀ² − 3ሀ ለሀ ሲካፈል 2ቀ + ሀ − 3 ነው። ፈ(ቀ + ሀ)ን ፈ(ቀ) + ሀ አድርጎ የያዘ ተማሪ ግን ምንም ደንብ ቢሰጠው ሁልጊዜ 1 ያገኛል፤ ማለትም የዓለም ለውጥ ሁሉ አንድ ፍጥነት አለው ማለት ይሆንበታል። ዛሬ ትንሽ የሚመስለው የቅንፍ ጉዳይ በ12ኛ ክፍል አንድን ሙሉ ምዕራፍ የሚያበላሽ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር አለ፤ ፈ(3)ን መፈለግና ፈ(ቀ) = 3ን መፍታት። የመጀመሪያው 3 ተሰጥቶ ውጤቱ ይጠየቃል፤ ከላይ እንዳየነው 5 ነው። በሁለተኛው 3 ውጤቱ ነው፤ የሚጠየቀው የተሰጠው ቁጥር ነው። ቀ² − 3ቀ + 5 = 3 ሲባል ቀ² − 3ቀ + 2 = 0፣ ማለትም (ቀ − 1)(ቀ − 2) = 0 ይሆንና ቀ 1 ወይም 2 ይወጣል። በአንደኛው አቅጣጫ ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ አለ፤ በሌላኛው ሁለት ሊኖር ይችላል፣ ምንም ላይኖርም ይችላል። ለምሳሌ ፈ(ቀ) = 2 መፍትሔ የለውም፤ የግራፉ ዝቅተኛ ዋጋ 2.75 ነውና።

ይህ የሁለቱ አቅጣጫዎች አለመመሳሰል የፋንክሽን ትርጓሜ ራሱ ነው፤ ለተሰጠው ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድና አንድ ብቻ ውጤት ይኑር እንጂ፣ ሁለት ግብዓቶች አንድ ውጤት ቢጋሩ አይከለከልም። ፈ(0) እና ፈ(3) ሁለቱም 5 መሆናቸው ችግር የሌለው ለዚህ ነው። ደንቡ በቀመር መጻፉ እንኳ ግዴታ አይደለም፤ ይህን ሰፋ ያለ አመለካከት ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዲሪሽሌ በ1837 ካቀረበ ወዲህ ነው እየተለመደ የመጣው። ከእኛው ኑሮ ምሳሌ ልስጥ። የፈረንጆችን ዓመት ሰጥቶ የኢትዮጵያን ዓመት መጠየቅ ፋንክሽን አይደለም፤ 2020 ቢባል እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ 2012 ዓ.ም.፣ ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ ደግሞ 2013 ዓ.ም. ስለነበር ሁለት መልስ አለው። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን አሟልቶ የሰጠ ሰው ግን አንድ ብቻ መልስ ያገኛል፤ ያ ፋንክሽን ነው፣ ምንም እንኳ በአንድ አጭር ቀመር የማይጻፍ ቢሆን።

የቀሩትን ተመሳሳይ ጥንዶች በፍጥነት ልለፍባቸው፤ ቅጹ ከገባዎ ራስዎ ይጨርሷቸዋል። ፈ(2ቀ) = 4ቀ² − 6ቀ + 5 ሲሆን 2ፈ(ቀ) = 2ቀ² − 6ቀ + 10 ነው። ፈ(−ቀ) = ቀ² + 3ቀ + 5 ሲሆን −ፈ(ቀ) = −ቀ² + 3ቀ − 5 ነው። በሁሉም ላይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ለውጡ በቅንፉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?

አንድ ደንብ ያወጣው ለሌላ ደንብ ሲሰጥ ይህ ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ይሆናል። ሱቁ የ100 ብር ቅናሽ ቢያደርግ ቅ(ቀ) = ቀ − 100፣ ታክስ የተጨመረበት ዋጋ ደግሞ ዋ(ቀ) = 1.15ቀ ይሁን። ዋ(ቅ(ቀ)) ሲጻፍ መጀመሪያ የሚሠራው ውስጠኛው ነው፤ ቅናሹ ይቀነስና በቀረው ላይ ታክስ ይታሰባል። በ1000 ብር ዕቃ ላይ 1.15 × 900 = 1035 ብር ይሆናል። ቅ(ዋ(ቀ)) ግን መጀመሪያ ታክሱን ጨምሮ በኋላ 100 ስለሚቀንስ 1150 − 100 = 1050 ብር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የማንበብ ልማዳችን እዚህ ያሳስተናል፤ በዋ(ቅ(ቀ)) ላይ በግራ ቀድሞ የሚታየው ዋ በሥራ ግን የመጨረሻው ነው።

በዚህ አጻጻፍ ውስጥ እኔ በግሌ መጥፎ ምርጫ የምለው አንድ ምልክት አለ፤ ፈ⁻¹። እንግሊዛዊው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ሄርሼል በ1813 ያስተዋወቀው ይህ ምልክት የደንቡን ተገላቢጦሽ፣ ማለትም ኢንቨርሱን ያመለክታል፤ ውጤቱን ሰጥተነው ግብዓቱን የሚመልስልን ደንብ ማለት ነው። በላዩ ላይ ያለው −1 ግን በቁጥሮች ላይ ለ«አንድ ሲካፈል» ከምንጠቀምበት ጋር አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው 1 ÷ ፈ(ቀ) ብሎ ይወስደዋል። በሙቀቱ ምሳሌ ገ⁻¹(ቀ) = (ቀ − 32) ÷ 1.8 ነው፤ ስለዚህ ገ⁻¹(86) = 30 ነው። 1 ÷ ገ(86) ግን ከ0.01 ያነሰ፣ ስለ ሙቀት ምንም የማይናገር ቁጥር ነው። ይባስ ብሎ ሳይን² ቀ ሲጻፍ የሳይን ቀ ካሬ ማለት ሲሆን ሳይን⁻¹ ቀ ሲጻፍ ኢንቨርሱን ማለት ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ በሁለት ሕግ ይነበባሉ። ይህን በምክንያት ለማስታረቅ መድከም አያስፈልግም፤ መያዝ ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ቅጹን በትክክል መያዝዎን የሚፈትሽ አንድ ጥያቄ ልተውልዎ፤ አቅጣጫው የተገለበጠ ነው። ፈ(ቀ − 1) = 2ቀ + 5 ከሆነ ፈ(ቀ) ምንድን ነው? ቀን በቀጥታ መሰረዝ እዚህ አይሠራም፤ የተሰጠን ቅጹ ራሱ ሳይሆን በቀ − 1 ከተሞላ በኋላ ያለው ውጤት ነውና። በቅንፉ ውስጥ ላለው ሁሉ አዲስ ስም እንስጠው፤ ተ = ቀ − 1 ይሁን። ቀ = ተ + 1 ስለሚሆን ፈ(ተ) = 2(ተ + 1) + 5 = 2ተ + 7 ይወጣል። ተ ቦታ መያዣ ብቻ ስለሆነ ፈ(ቀ) = 2ቀ + 7 ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለመፈተሽ ቀ = 5 ይውሰዱ፤ በተሰጠው መሠረት ፈ(4) = 2 × 5 + 5 = 15 ነው፣ ባገኘነው ደንብም 2 × 4 + 7 = 15 ነው። ከዚያ በ5 ብቻ ሳይወሰኑ በ8ም ይሞክሩት።